ከዓባይ ማዶ የመጡት የጎጃም ታሪክ ጸሐፊ

የጎጃምን ሕዝብ የትውልድ ሐረግ ለቅሞ በጽሑፍ ያቆየልን ማን ነው ብንባል፣ ብዙዎቻችን አንድ የአገሩ ባላባት ልጅ ይመስለናል። ባለታሪኩ ግን ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን የተወለዱት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው።

የልጅነት ስማቸው ነገሮ ነበር። በዚያን ዘመን ራስ አዳል፣ ማለትም በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የደቡብ ምዕራቡን የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የቡና ንግድ ለመያዝ ዓባይን እየተሻገሩ ይዘምቱ ነበር። ሕፃኑ ነገሮም በዘመቻ ተማርኮ ወደ ጎጃም መጣ። ይህን ሸፋፍነን ማለፍ አይገባንም፤ ልጅን ከወገኑ ነጥቆ መውሰድ ግፍ ነው። ንጉሡም ራሳቸው በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው፣ ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ግን ቁስላቸውን አሳከሙላቸው እንጂ በቁስለኛ ላይ አልጨከኑም። የተሸነፈም ሰው ሰው ነውና።

ነገሮ በንጉሡ ቤት አደገ፤ ተክለ ኢየሱስም ተባለ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምሮ ለአለቅነት ማዕረግ በቃ፤ ሠዓሊም ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን በብዕር የሠሩት ነው። አለቃ ከአረጋውያን አፍ የሚነገረውን እያሰባሰቡ የጎጃምን ታሪክና የትውልድ ሐረግ ጻፉ። ድርሳናቸው ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ሲጠቀስ ኖሮ፣ በ2003 ዓ.ም. የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ በሚል ርእስ በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት ታትሟል።

እንግዲህ ልብ እንበል። የትውልድ ሐረግ መቁጠር ሰውን ከሰው ለመለየት ብቻ የሚያገለግል ይመስለናል። በእኚህ ሰው እጅ ግን የአማራው፣ የአገውና የኦሮሞው ትውልድ በአንድ መጽሐፍ ተገናኘ። ጸሐፊው በምርኮ የመጡበትን አገር በቂም አልጻፉትም፤ የተወለዱበትንም ወገን አልካዱም። እስከ ዛሬ የሚጠሩትም በአባታቸው በዋቅጅራ ስም ነው። የደብረ ማርቆስ ሰዎች ይህን የማዶ ልጅ ፊደል ስላልነፈጉት እንዲህ ያለ የታሪክ ቅርስ አገኙ።

ዛሬ እኛ ወጣቶች በትምህርት ቤትም ሆነ በማደሪያ ክፍል አዲስ ሰው ሲመጣ፣ ጠባዩንና ዕውቀቱን ሳናይ አስቀድመን የአባቱን ስም ሰምተን የምንፈርድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በስሙ ምክንያት ፊት የነሣነው ያ ወንድማችን ነገ የእኛን ታሪክ የሚጽፍልን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንግዳውን መጀመሪያ እንቅረበው፤ ያለንን እናካፍለው፤ እርሱም ከያዘው እንማር። አለቃ ተክለ ኢየሱስ በሕይወታቸው ያስተማሩን ይህንኑ ነው።