ሐኪም ወርቅነህ በዳኝነት ወንበር

በፊልም የምናያቸውን አሥራ ሁለት ሰዎች ታስታውሷቸዋላችሁ። ከሕዝቡ መካከል በዕጣ ይጠራሉ፤ ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳላቸው ይጠየቃሉ፤ ያዳላሉ የተባሉት ይቀነሳሉ፤ የቀሩት ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው ይወስናሉ። ጁሪ ይባላሉ። በእኛ አገር ይህ የለም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም መርምሮ የሚወስነው ዳኛ ነው። እኔ የአቃቂ ልጅ ስለሆንኩ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ የሚያመላልሱ እናቶችን እያየሁ ነው ያደግሁት። በየታክሲው የሚያወሩት ስንት ዓመት እንደተፈረደ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደፈረደም ይጠያየቃሉ።

የዚህን ጥያቄ ክብደት በሕይወታቸው ካዩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ዘመናዊ ሕክምና በመማር ቀዳሚ ስለነበሩ ነው፤ ዳኝነታቸው ግን ብዙም አይወራም።

ጎንደር ተወልደው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለተገኙ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸውም ከአሳዳጊዎቻቸው የመጣ ነው። ሕክምናን በላሆር፣ ቀጥሎም በስኮትላንድ ተማሩ፤ በበርማም ለእንግሊዝ መንግሥት ሠሩ።

እሳቸው በሕንድ ወጣት ሐኪም ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ሕንዳዊ ዳኛ በወንጀል የተከሰሰ አውሮፓዊን እንዲዳኝ የሚፈቅድ የሕግ ረቂቅ ቀረበ፤ እዚያ የሚኖሩ አውሮፓውያን ግን ሞተን እንገኛለን አሉ። በቀጣዩ ዓመት በድርድር የወጣው ሕግ፣ አውሮፓዊው ተከሳሽ ከፈለገ ቢያንስ ግማሹ አውሮፓውያን ወይም አሜሪካውያን የሆኑበት ጁሪ እንዲመረጥለት ፈቀደ። የሚገርመው ነገር፣ በራሷ በእንግሊዝ ለውጭ አገር ሰው ግማሹ የውጭ ሰው የሆነ ጁሪ የመስጠቱ የቆየ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1870 ተሽሮ ነበር።

ወርቅነህ ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው መጡ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ እንደለዩአቸው ይነገራል። ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል።

በጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለውን ተፈራረመች። በውሉ መሠረት ፈረንሳውያን እርስ በርስ ሲካሰሱ የሚዳኙት በራሳቸው ቆንስል ሆነ። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስሉ አብረው ይቀመጣሉ፤ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ሌሎች መንግሥታትም ለዜጎቻቸው ይህንኑ መብት ያዙ። የባቡሩ ሐዲድ በእኛው በአቃቂ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ነጋዴውም ክሱም በዛ። ይህን የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት ነበር፤ በ1910ዎቹ ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ በሰብሳቢነት ተቀመጡበት።

እስቲ አስቡት! በሕንድ የእሳቸውን መልክ የያዘ ዳኛ ነጭን እንዳይዳኝ ያ ሁሉ ጩኸት ተሰምቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን እሳቸው የነጮቹን ጉዳይ ሰሙ። ቋንቋቸውንም አስተዳደጋቸውንም ያውቃሉ። ያም ሆኖ ወንበሩ ሙሉ አልነበረም፤ ከጎናቸው ቆንስሉ አለ።

በኋላ የጨርጨር ገዢ፣ ጣሊያን ሲወረን ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። እሳቸው ውጭ ሳሉ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አባት እ.ኤ.አ. በ1952 አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ሰው በባዕድ ዳኛ ፊት ሲቆም ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ግማሽ ጁሪም መጀመሪያ የመጣው ከዚህ ፍራቻ ነው። ነገር ግን በሕንድም በእኛም አገር መብቱ የተሰጠው ለባለ ጉልበቱ ወገን ነበር። ድሃው ሕንዳዊ ወይም የአቃቂው ገበሬ ዳኛውን የሚያስመርጥለት ቆንስል አልነበረውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ ዳኛ ከተከራካሪው ጋር ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሣል የሚለው ደንብ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል የተጻፈ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ፍርድ ቤት ስንዘግብ ታዲያ ቅጣቱን ብቻ ጽፈን አንመለስ። ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ፣ ተከሳሹ ዳኛው ይነሣልኝ ብሎ ከሆነም ምን እንደተመለሰለት እንጻፍ።