ሐውልቱ ያስተማረኝ
(የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ አጭር ታሪክ)

ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ከፓዌ ተነሥቼ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ከተማዋን በእግሬ እየዞርሁ ተመለከትሁ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን በፈረሳቸው ላይ እንዳሉ አየሁ፤ ከዚያም ብዙ ሳልርቅ የአንድ ጳጳስ ሐውልት አገኘሁ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ስማቸውን በትምህርት ቤት ሰምቼ ነበር፤ ሐውልቱን ካየሁ በኋላ ግን ታሪካቸውን አጥብቄ ጠየቅሁ።

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ፥ በፍቼ አካባቢ ነው፤ የቀድሞ ስማቸውም ኃይለ ማርያም ነበረ። በደብረ ሊባኖስ ገዳም መንኵሰው በትምህርት ከበረቱ በኋላ በልዩ ልዩ ገዳማት አስተማሩ። ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ጳጳስ የምታገኘው ከግብፅ ብቻ ነበረ፤ በ1921 ዓ.ም. ግን ከራሷ ልጆች አራቱ ጵጵስና ሲሾሙ እርሳቸው አንዱ ሆኑ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ከሰላሌ አርበኞች ጋራ ተሰለፉ። አርበኞቹ በሐምሌ ወር ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ዘመቱ፤ ሆኖም ክረምቱ ስለ በረታና እርስ በርስ መገናኘት ስላልተቻለ አሳባቸው ሳይሳካ ቀረ። አቡኑም በጠላት እጅ ወደቁ። አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጠላት እንዲገዛ እንዲሰብኩ ታዘዙ። እርሳቸው ግን ይህን ከማድረግ ሞትን መረጡ፤ ሕዝቡም እንዳይገዛ አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ከነጻነት በኋላ ሐውልት ቆመላቸው። በ2005 ዓ.ም. የከተማው ባቡር መንገድ ሲሠራ ሐውልቱ ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ።

በሐውልቱ ሥር ቆሜ ፓዌን አሰብሁ። አቡኑ ከሞቱ ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ጣና በለስ በተባለው ሥራ ጣሊያኖች ወደ አገራችን መጥተው ለእኛ ሆስፒታል ሠርተዋል። እንግዲህ ሐውልቱ የቆመው ቂም ለመያዝ አይደለም፤ እውነት እንዳትረሳ ነው እንጂ።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌላም አገር ወደ ፓዌ ከመጡት ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል። ለእነርሱ ሐውልት ለማቆም እኛ ተማሪዎች አቅም የለንም፤ ደብተርና እርሳስ ግን አለን። አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቀን የሙታኑን ስም እንጻፍ። እኔ ከቤታችን ጀምሬአለሁ፤ እስካሁን ሰባት ስም ጽፌአለሁ።