የሻምበል አበበ ቢቂላ ትጋት

ጉልበት ያለ ሥርዓት ብዙ እንደማያራምድ የተማርሁት ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ነው። በ1924 ዓ.ም. በጃቶ የተወለደው ይህ የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሠልጥኖ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው፣ ዳግመኛ ድል አደረገ፤ ሩጫውን እንደ ፈጸመም በድካም በመውደቅ ፈንታ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር።

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ቢሆኑም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውድድር ተሰለፈ። በ1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እግሩ ከዳው እንጂ ትጋቱ አልከዳውም። እኛም ጤና ሳለን የማለዳ ሩጫችንን ለነገ አናቆየው።