ሰባ አራት ተኩል

እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች የህንድ ፊልም ስንል የቦምቤውን፣ የሂንዲውን ነው። ዘፈን፣ ዝናብ፣ ልቅሶ፣ ድብድብ። ቤንጋሊዎች ካልካታ ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ዓይነት ፊልም ይሠሩ እንደ ነበር ያወቅሁት አገር ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የካልካታ ሰው አለ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እንደ አገሩ ልማድ "ዳዳ" እለዋለሁ፤ ጋሼ እንደ ማለት ነው። አንድ እሑድ ቤቱ ጠርቶኝ በ1953 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የኒርማል ዴይን "ሻሬ ቹዋቶር" አሳየኝ። ትርጉሙ ሰባ አራት ተኩል ነው። ቤንጋሊዎች ድሮ ይህን ቁጥር ደብዳቤ ላይ ይጽፉት ነበር፤ ከተላከለት ሰው በቀር ማንም እንዳይከፍተው ለማለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንደላጤዎች ተከራይተው አብረው የሚበሉበት ቤት ውስጥ አንዲት ቆንጆ ልጅ ከእናት አባቷ ጋር ትገባለች። ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ! ፍቅረኞቹ ኡታም ኩማርና ሱቺትራ ሴን ናቸው፤ በኋላ ቤንጋልን ለዓመታት ያሳበዱት ጥንዶች። ዳዳም ፊልሙን የሚያየው ለእነሱ ሲል ነው።

እኔን ግን የያዘኝ የቤቱ ባለቤት ነው። መላጣ፣ ወፈር ያለ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ያለ ሰው። ሚስቱ (ሞሊና ዴቪ) ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው የፍቅር ደብዳቤ አግኝታ በስተርጅናው የሸፈተባት ይመስላታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የፊልሙ ፍቅር የእነዚህ የሁለቱ ነው። ተዋናዩ ቱልሲ ቻክራቦርቲ ይባላል።

ቱልሲ የተወለደው በ1899 ነው። ያሳደገው አጎቱ የቲያትር ሙዚቀኛ ነበር። ቱልሲም በወጣትነቱ ሰርከስ ገብቶ ሠርቷል፤ ማተሚያ ቤትም ፊደል ለቃሚ ነበር። እየለቀመ ከሚያሰናዳው ውስጥ የቲያትር ማስታወቂያ ይገኝበታል፤ በዚያው ልቡ ወደ መድረክ ሄደ። ስታር ቲያትር ገባ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወደ ፊልም ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ያልሆነው የለም፦ አሽከር፣ ባለሱቅ፣ መምህር፣ የቤት አከራይ። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ታይቶ ይወጣል። በሳትያጂት ሬይ "ፓተር ፓንቻሊ" (1955) ውስጥ ሸቀጥ እየመዘነ ሕፃናት የሚያስተምረው፣ አርጩሜው ከእጁ የማይለየው የኔታ እሱ ነው።

ዋናውን ገጸ ባሕርይ ይዞ እንዲጫወት ያደረገውም ይኸው ሬይ ነው፤ በ1958፣ "ፓራሽ ፓታር" በተባለው ፊልም። ያኔ ሬይ ከካንና ከቬኒስ ሽልማት ያገኘ፣ ዓለም ያወቀው ሰው ነበር፤ የፈለገውን መልከ መልካም መምረጥ ይችል ነበር። የመረጠው ግን ስድሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረውን መላጣ ነው። ብረት ሲነካ ወርቅ የሚያደርግ ድንጋይ ያገኘ ምስኪን ጸሐፊ ሆኖ ይጫወታል። ሀብቱን ማመን ሲያቅተው የፊቱን ነገር ማየት ነው! ፍርሃትና ደስታ ተደበላልቀውበት ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

በራሱ ቤት ግን ወርቅ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ሃውራ ይኖር ነበር፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ፊልሞች ተጫውቶ በ1961፣ በ62 ዓመቱ፣ በድህነት ሞተ። ይህን ስሰማ ተናደድኩ፤ በማን እንደ ተናደድኩ ግን አላውቅም። ዳዳም ዝም አለ።

አሁንም አንዳንድ እሑድ የዚያን ዘመን ፊልም አብረን እናያለን። ዳዳ ኡታም ኩማር እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔ መላጣውን እፈልጋለሁ። አንዳንዴ በር ከፍቶ ብቅ ይላል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ይወጣል።