ስለ ትዕግሥት፤ አዶኒራም ጀድሰን በርማ አገር እንደ ገባ

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከአገሩ ወጥቶ ወደማያውቀው አገር ለሚገባ ሰው ከሌሊት ሁሉ የምትከብደው የመጀመሪያይቱ ሌሊት ናት። ሥጋው ከመንገድ የተነሣ ደክሟል፤ ቋንቋውን የሚሰማለት የለም፤ ልቡም ወደ ኋላ ይመለከታል። ክርስቲያን በዚያች ሰዓት እንዴት ሊሆን እንደሚገባው እናውቅ ዘንድ የአዶኒራም ጀድሰንን ታሪክ በማስተዋል እንመልከት።

ጀድሰን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1788 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ፤ የቀሩትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። በ1812 ዓ.ም. አና የምትባለውን ሚስቱን ባገባ በሁለት ሳምንት ወንጌልን ለማስተማር ከእርስዋ ጋር በመርከብ ተሳፈረ። አራት ወር ያህል በባሕር ሄደው ካልካታ ደረሱ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሕንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ የንግድ ማኅበር የወንጌል መልእክተኞችን አልወደደምና ከአገሩ እንዲወጡ አዘዛቸው። ወደ ሞሪሸስ ደሴት ቢሻገሩ፣ ከአሜሪካ አብራቸው የወጣችው ሃሪየት ኒውል በ19 ዓመቷ ሞታ ተቀብራ ነበር። ከዚያም ወደ ማድራስ መጡ፤ በዚያም ተይዘው ወደ እንግሊዝ አገር እንዳይሰደዱ ስለ ፈሩ ፈጥና የምትነሣ መርከብ ፈለጉ። የተገኘችውም ወደ በርማ ወደብ ወደ ራንጉን የምትሄድ አንዲት አሮጌ መርከብ ብቻ ነበረች።

አና በዚያን ጊዜ ፀንሳ ነበር። እርስዋን ልትረዳ የተቀጠረችው ሴት ገና በጕዞው መጀመሪያ በድንገት ወድቃ ሞተች። አናም በባሕር መካከል ወለደች፤ ሕፃኑ ግን ሕይወት አልነበረውምና ሬሳውን ለባሕር ሰጡት።

ጁላይ 13 ቀን 1813 ዓ.ም. ራንጉን ደረሱ። አና ታማ ተኝታ ነበርና ጀድሰን ሲመሽ ብቻውን ወደ ምድር ወረደ። ከተማዪቱንና የሚስዮኑን ቤት ተመለከተ፤ ያየውም ሁሉ ጨለማና ተስፋ የሌለበት መሰለው። አዝኖም ወደ መርከቢቱ ተመለሰ። እንደዚያች ያለች የኀዘን ምሽት ከቶ አልፋባቸው እንደማታውቅ ኋላ ጽፎአል። ከየአገሩ ሲባረሩ ቆይተው ወዲያው የማያባርራቸው አገር ስላገኙ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ድካም ግን ዓይንን ይጋርዳል። ሆኖም ባልና ሚስቱ ጸለዩ፤ ምንም ሳያስቀሩ ራሳቸውን ለእግዚአብሔር ፈቃድ አሳልፈው ሰጡ፤ በዚያችም ምሽት መጽናናትን አገኙ።

በማግሥቱ አና መራመድ አልቻለችምና ወንበር በቀርከሃ ላይ አድርገው ሰዎች በትከሻቸው ተሸከሙአት። በመንገድም ከጥላ በታች ባሳረፉአት ጊዜ የአገሩ ሰዎች ፈረንጅ ሴት እምብዛም አላዩምና ከበቡአት። ከሕመሟ የተነሣ አንገቷን ደፍታ ሳለች ሴቶቹ ፊቷን ከባርኔጣዋ በታች ሊያዩ ቀረቡ። እርስዋ ግን አልተቈጣችም፤ ቀና ብላ ፈገግ አለችላቸው፤ እነርሱም ከት ብለው ሳቁ። በሚስዮኑ ቤት ይኖር የነበረው ፊልክስ ኬሪ ወደ አቫ ከተማ ሄዶ ነበርና ሚስቱ በመልካም ተቀበለቻቸው።

ከዚህ በኋላ ጀድሰን ለስብከት አልቸኰለም፤ እንደ ሕፃን ተቀምጦ ቋንቋ ይማር ጀመር። መምህሩ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበርና ጀድሰን ዕቃውን በጣቱ ሲያመለክት መምህሩ ስሙን ይነግረው ነበር። የእኛ ጽሕፈት በቀድሞ ዘመን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለይ ነበር፤ የበርማ ጽሕፈት ግን ሳይለያይ ተያይዞ የሚጻፍ ነበር። ከበርማ ሰዎች የመጀመሪያው የተጠመቀው በ1819 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ጀድሰን ስድስት ዓመት ያህል ዘራ እንጂ አላጨደም።

በ1824 ዓ.ም. እንግሊዝና በርማ በተዋጉ ጊዜ ሰላይ ነው ተብሎ ተጠረጠረና ታሰረ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህልም በእግር ብረት ቈየ። አና ምግብ እያመጣችለት፣ ሹማምንቱንም እየለመነች ነፍሱን አቆየች፤ እርስዋም በ1826 ዓ.ም. ሞተች። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ በርማ ቋንቋ መተርጐሙን በ1834 ዓ.ም. ፈጸመ። በ1850 ዓ.ም. በመርከብ ሲሄድ ሞተ፤ መቃብሩም እንደ ሕፃኑ መቃብር ባሕር ሆነ። በርማ ዛሬ ሚያንማር፣ ራንጉንም ያንጎን ትባላለች፤ በዚያ ያሉ ክርስቲያኖች ግን ትርጕሙን እስከ ዛሬ ያነብባሉ።

ይህ ሁሉ ፍሬ በዚያች ምሽት ከቶ አይታይም ነበር። ጀድሰን ዓይኑ ያየውን አምኖ በመጣባት መርከብ ቢመለስ ኖሮ ማንም ባልነቀፈው ነበር። ስለዚህ፣ ወዳጆች ሆይ፤ ወደ አዲስ አገር ስትገቡ በደከመ ዓይን አትፍረዱ፤ ጸልዩና እደሩ። ሰዎችም ትኵር ብለው ሲያዩአችሁ እንደ አና ፈገግ በሉ፤ ልታስተምሩአቸው ከመነሣታችሁ በፊት ቋንቋቸውን ተማሩ። በመንደራችሁም መንገደኛ ሲመሽበት፣ ያች ምሽት ለእርሱ ምን ያህል እንደምትከብድ አስቡና በራችሁን ክፈቱለት።