የልብስ አጣቢዋ ልጅና የአንድ ምሽት ትኬት

ዳንስ የሚወድ ወንድም፣ እህት ወይ ጓደኛ አላችሁ? ልደቱ ሲደርስ ምን እንደምትገዙለት ግራ ገብቷችሁ ያውቃል? ስፒከር ይሻላል፣ ጫማ ይሻላል እያላችሁ ስልካችሁ ላይ ዋጋ ስታወዳድሩ አምሽታችሁ ይሆናል። ዛሬ ታሪኳን የምናወጋችሁ ሴት የዕድሜ ልክ መንገዷን ያገኘችው በአንድ ስጦታ ነው። ስጦታው ግን ተጠቅልሎ፣ በሪባን ታስሮ የሚሰጥ ዕቃ አልነበረም። የአንድ ምሽት የቴአትር ቤት ትኬት ነው። ሰጪዋም ሀብታም ዘመድ ሳትሆን የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር ድሃ እናት ነበረች።

ሴትዮዋ አና ፓቭሎቫ ትባላለች። በባሌት ዳንስ ታሪክ ከሷ የበለጠ ስሙ የገነነ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የተወለደችው እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1881 በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፓቭሎቫ የሚለውን ስም ያገኘችው ከእንጀራ አባቷ ነው። ጊዜዋ ሳይደርስ ስለተወለደች ቀጫጫና በሽተኛ ልጅ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ ሊጎቮ በምትባል መንደር አያቷ ዘንድ አየር እየቀየረች ነው ያደገችው። በቃ፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ዓለምን በጉልበቷ ትዞራለች ብሎ የሚወራረድ ሰው አይገኝም ነበር።

ታዲያ በ1890፣ ልጅቷ 8 ወይም 9 ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ እናቷ ሉቦቭ ፌዮዶሮቭና ከየት እንዳጠራቀመችው ባይታወቅም ገንዘብ አገኘችና ልጇን ይዛ ወደ ማሪንስኪ ቴአትር ቤት ሄደች። የሚታየው የቻይኮቭስኪ ሙዚቃ የተሠራለትና ማርየስ ፔቲፓ ያዘጋጀው፣ እንቅልፍ ስለወሰዳት ቆንጆ ልዕልት የሚተርከው አዲስ ባሌት ነበር። በእረፍቱ ሰዓት ይሁን በትዕይንቱ መሀል፣ እናት ልጇን እንደነዚያ መድረኩን እንደሞሉት ዳንሰኞች መደነስ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ግን ከብዙዎቹ መሀል አንዷ መሆን እንደማትፈልግ፣ ልዕልቷን ራሷን ሆና እዚያው ቴአትር ቤት እንደምትደንስ ነገረቻት። እናት ሳትስቅ አትቀርም። ሕልሙ ግን አልቀረም፤ አና አድጋ በዚያው መድረክ ላይ ልዕልቷን ሆና ደንሳለች።

እዚያ ለመድረስ ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ የባሌት ትምህርት ቤት ስታመለክት ዕድሜዋም ሰውነቷም ገና ነው ተብላ ተመለሰች። በ1891፣ 10 ዓመት ሲሞላት ድጋሚ ቀርባ ተቀበሏት። ከገባች በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። በዘመኑ ጥሩ የሚባለው የባሌት ሰውነት አጠር፣ ጠንከር፣ ጡንቻ ያዝ ያለ ነው። አና ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅና እግሯ የተንዘላዘለ ነበረች። የእግሯ ቅስት ከልክ በላይ የታጠፈ፣ ቁርጭምጭሚቷ ደግሞ ደካማ ነበር። ባሌት እኮ የሰውነትን ክብደት በሙሉ በጣት ጫፍ መሸከም ነው! የክፍል ጓደኞቿ መጥረጊያ የሚል ቅጽል ስም አወጡላት። ዛሬ ቢሆን ኮሜንት ላይ ይጽፉት ነበር፤ ያኔ ግን ፊት ለፊቷ ነበር የሚሉት።

ሰው እንዲህ ሲባል ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ይተወዋል፣ ወይ የሚሰድቡትን ለመምሰል ይሞክራል። አናም ሁለተኛውን ሞክራለች። በጊዜው ፒየሪና ሌኛኒ የምትባል ጣሊያናዊት ዳንሰኛ በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ በመሽከርከር ሴንት ፒተርስበርግን ጉድ አሰኝታ ነበር። አና ብቻዋን ስትሆን ያንን ሽክርክሪት ለመኮረጅ ትታገል ጀመር። መምህሯ ፓቬል ጌርድት አንድ ቀን ያዛት። በጣም ተቆጣ። ከሷ የሚጠነክሩትን መኮረጅ ሰውነቷን እንደሚጎዳው አስጠነቀቃት። አክሮባቱን ለሌሎች እንድትተውና ቅጥነቷና ስስነቷ ትልቁ ሀብቷ መሆኑን እንድታውቅ ነገራት። እንደ ጉድለት ሲቆጠርባት የኖረውን ነገር እንደ ሀብት የቆጠረላት ሰው አገኘች። እናቷ ከሰጠቻት ትኬት ቀጥሎ፣ ይህ ምክር ሁለተኛው ትልቅ ስጦታዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1899 ትምህርቷን ጨርሳ የማሪንስኪ ቡድን አባል ሆነች። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በራስ መተማመን ማለት አለመሳሳት ማለት አይደለም። ፓቭሎቫ በመድረክ ላይ ስሜት ውስጥ ስትገባ ራሷን አታውቅም ነበር። የፈርዖን ሴት ልጅ በሚለው የፔቲፓ ባሌት ላይ የቴምስ ወንዝን ሆና ስትደንስ፣ በኃይል ስትሽከረከር ሚዛኗን ስታ ከመድረኩ ጫፍ ካለው የአስታዋሹ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃለች። ሙሉ ቴአትር ቤት እያየ! ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ እግሩን እየቆጠበ፣ ልቡን እያስጠነቀቀ ነበር የሚደንሰው። እሷ ግን መደነሷን በስስት አላደረገችውም። ቁርጭምጭሚቷ አልችልም ያላትን ዝላይ ደግሞ ራሷ ለውጣ፣ የባሌት መምህሩን አስገርማ ደንሳዋለች።

ጫማውን በተመለከተ ያደረገችው ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ይነሳል። ደካማ እግሯን ለመደገፍ ጫማዋ ውስጥ ጠንካራ የቆዳ ሶል ጨመረች። የጣቱን ጫፍ አጠነከረችው፣ ሰፋ አድርጋም ደለደለችው። ሌሎች ዳንሰኞች ግን አጭበርብራለች አሏት። ባሌሪና በጫማ ሳይሆን በእግሯ ብርታት ነው መቆም ያለባት ነበር ክርክራቸው። ያ ማጭበርበር የተባለው ነገር ዛሬ ባሌሪናዎች የሚያደርጉት የጣት ጫፍ ጫማ መነሻ ሆነ።

እናንተን ፈገግ የሚያሰኛችሁ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ፓቭሎቫ ያ ሰፊ የጫማ ጫፍ ፎቶ ላይ ሲታይ አትወደውም ነበር። ስለዚህ ፎቶዎቿ እንዲስተካከሉና ጫማው ሹል መስሎ እንዲታይ ታደርግ ነበር። አዎ፣ ፊልተር ከመፈልሰፉ ከ100 ዓመት በፊት! በዓለም ላይ ትልቋ የተባለችው ዳንሰኛም ፎቶዋን ስታይ የሚያሳፍራት ነገር አታጣም ነበር። ልዩነቱ ያፈረችበትን ጫማ አውልቃ አለመተዋ ነው። ፎቶው ላይ አስጠፋችው፣ መድረክ ላይ ግን አድርጋው ወጣች።

በ1903 ጂዜል በሚባለው ባሌት መሪ ሆና ስትወጣ ሕዝቡ አበደ። በ1906 የቡድኑ ከፍተኛ ማዕረግ የሆነውን ፕሪማ ባሌሪና አገኘች። ከተሳካላት በኋላም ትምህርት አላቆመችም። ኤንሪኮ ቼኬቲ ከሚባል ጣሊያናዊ መምህር ዘንድ እንደ ጀማሪ ተማሪ የግል ትምህርት ትወስድ ነበር። በድክመቷ ላይ እየሠራች፣ በጥንካሬዋ ደግሞ እየታወቀች ሄደች ማለት ነው።

ስሟን ከስሟ ጋር አስተሳስሮ ያስቀረላት ዳንስ ግን የመጣው ከሌላ ሰው ነው። ሚካኤል ፎኪን የሚባለው ኮሪዮግራፈር በፈረንሳዊው ሳንሳንስ ሙዚቃ ላይ ለሷ ብቻ አንድ አጭር ዳንስ ሠራላት። ስዋን የምትባለው አንገተ ረጅም ነጭ የውኃ ወፍ ልትሞት ስትል የምታደርገውን የመጨረሻ መፍጨርጨር የሚያሳይ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ትልቅ ዝላይ የለበትም፣ 32 ሽክርክሪት የለበትም። ያለው በጣት ጫፍ የሚደረግ ጥቃቅን እርምጃ፣ እንደ ክንፍ የሚንቀጠቀጡ ሁለት ረጃጅም እጆች፣ በመጨረሻም ቀስ ብሎ መሬት ላይ መጠቅለል ነው። ልብ በሉ፣ መጥረጊያ ያስባሏት እነዚያው ረጃጅም እጆች ናቸው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሆሊውድ ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ አልባ ፊልም አለ፤ ዩቲዩብ ላይ ስሟን ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ግን እጆቿን ተመልከቱ።

ከ1908 ጀምሮ ከሩሲያ ውጭ መደነስ ጀመረች። በ1909 በፓሪስ፣ በ1910 በለንደንና በኒውዮርክ ታየች። በ1912 ለንደን ውስጥ ኩሬ ያለው ቤት ገዛች፤ ኩሬው ውስጥም እውነተኛ ስዋኖች አኖረች። ጃክ ከምትለው ስዋን ጋር የተነሳችው ፎቶ እስከ ዛሬ ይታያል። የራሷን ቡድን አቋቁማም በመርከብና በባቡር ዓለምን መዞር ያዘች። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ ሄደች። ትላልቅ ቴአትር ቤት በሌለባቸው ከተሞችም ትደንስ ነበር። ባሌት አይቶ የማያውቅ ሰው እንዲያይ ትፈልግ ነበርና።

እንግዲህ የእናቷ ትኬት እዚህ ላይ ነው መባዛት የጀመረው። በ1917 የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ ስትደንስ ፍሬደሪክ አሽተን የሚባል 13 ዓመት ያልዘለለ እንግሊዛዊ ልጅ አያት። ከዚያች ምሽት በኋላ ልጁ ሌላ ሥራ አልታየውም። አድጎ የእንግሊዝ ባሌት ካፈራቸው ኮሪዮግራፈሮች ሁሉ ትልቁ ሆነ። በ1923 ለንደን ውስጥ ሥዕል ይማር ከነበረው ሕንዳዊ ወጣት ኡዳይ ሻንካር ጋር የሕንድ ታሪኮችን በዳንስ ሠራች። ሻንካርም ወደ አገሩ ተመልሶ የዘመናዊ የሕንድ ዳንስ አባት ለመባል በቃ። ሩክሚኒ ዴቪ የተባለች ሌላ ሕንዳዊት ደግሞ የሷን ባሌት አይታ ባሌት ለመማር ተነሳች። ፓቭሎቫ ግን የገዛ አገሯን ጥንታዊ ዳንስ እንድትፈልግ መከረቻት። ሩክሚኒ ምክሯን ሰማች፤ በ1936 ያቋቋመችው ካላክሼትራ የተባለው የዳንስ ትምህርት ቤት ዛሬም አለ። ጌርድት ለአና የነገራትን ነገር፣ ሌላውን ከመኮረጅ የራስን ማወቅ እንደሚሻል፣ አና በተራዋ ለሌላ ሰው አስተላለፈች።

ስጦታዋ በዳንስ ብቻ አላበቃም። ከሩሲያ አብዮት በኋላ አገራቸውን ጥለው ለተሰደዱ ወላጅ አልባ ሩሲያውያን ሴት ልጆች ፓሪስ አጠገብ ማሳደጊያ ቤት ከፍታ በገንዘቧ ታግዝ ነበር። እሷም ብትሆን በ1914 ከደነሰች ወዲህ በአገሯ መድረክ ላይ አልቆመችም። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ በስሟ ፓቭሎቫ የሚባል ኬክ አለ። ከእንቁላል ነጭና ከስኳር የሚሠራ፣ ላዩ ላይ ክሬምና ፍራፍሬ የሚደረግበት፣ እንደሷ ቀለል ያለ ኬክ ነው። መጀመሪያ የሠራነው እኛ ነን በሚል ሁለቱ አገሮች እስካሁን ይጨቃጨቃሉ።

በጃንዋሪ 1931 ለሌላ ጉዞ ወደ ኔዘርላንድስ ስትሄድ ብርድ መታት። ዘ ሄግ ከተማ ስትደርስ ሳንባዋ ክፉኛ ታሞ ነበር። ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ብታደርግ ልትተርፍ እንደምትችል፣ ግን ከዚያ በኋላ መደነስ እንደማትችል ነግረዋት እምቢ እንዳለች ይተረካል። ጃንዋሪ 23 ቀን 1931 እዚያው ሆቴል ውስጥ አረፈች። 50 ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር። የስዋን ልብሷን እንዲያዘጋጁላት ማዘዟ የመጨረሻ ንግግሯ እንደነበር ይነገራል።

ከሁለት ቀን በኋላ ለንደን ውስጥ በአንድ የባሌት ዝግጅት ላይ ኦርኬስትራው የስዋኗን ሙዚቃ መጫወት ጀመረ። መጋረጃው ተገለጠ። መድረኩ ላይ ማንም አልነበረም። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ተመልካቹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ባዶውን መድረክ እያየ ቆመ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ዳንስ ለሚወድ ሰው ምን እንስጠው? ጫማ ጥሩ ነው፤ በተለይ እግሩን የሚደግፍ ከሆነ። የአንድ ወር የሥልጠና ክፍያም ጥሩ ነው። አቅም ካነሰ ደግሞ የባህል ውዝዋዜ፣ ዘመናዊ ዳንስ ወይም ቴአትር ወደሚታይበት ቦታ ይዛችሁት ሂዱ፤ አብራችሁትም ቁጭ በሉ። መሀል ላይ እሱስ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን መሆን እንደሚፈልግ ጠይቁት። መልሱ ትልቅ ሆኖ ቢያስቃችሁም፣ ብዙ አትሳቁ።