ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅና የመጋቢነት አደራ

ተሐድሶ የሚለው ቃል በብዙ ሰው አፍ ይነገራል፤ ሃይማኖትን መለወጥ መታደስ የሚመስላቸውም አሉ። እኛ ግን የእውነተኛውን መታደስ መልክ፥ ከቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ ከሚጠራው ከቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሕይወት እንመለከታለን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ በአንጾኪያ ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት እናቱ አንቱሳ በመበለትነት አሳደገችው። በምናኔ ከቈየ በኋላም በ386 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ 3,000 ያህል መበለቶችንና ደናግልን ትመግብ ነበርና፥ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የማን እንደ ሆነ በዚያ አወቀ።

በ398 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ በተሾመ ጊዜ፥ አባቶች በ325 ዓ.ም. በኒቅያ፥ በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ ከወሰኑት ሃይማኖት አንዲት ቃል አላጐደለም። የመረመረው የመጋቢውን መዝገብ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የማይጠቅመውን ወጪ ከለከለ፤ ቀጥሎም የገዛ መንበሩን ወጪ መርምሮ ትርፉን ለሕሙማን ቤት አዛወረ። ሌሎችንም የሕሙማን ቤቶች አሠርቶ ቀሳውስትን፥ ሐኪሞችንና ወጥ ቤቶችን መደበላቸው። መኳንንት የሚጋበዙበትን ማዕድ አስቀርቶ ለብቻው ጥቂት ይመገብ ነበር። በ401 ዓ.ም. ወደ ኤፌሶን ሄዶ ሹመታቸውን በገንዘብ የገዙ 6 ኤጲስ ቆጶሳትን ሻረ።

በዚህ ምክንያት ጠላት በዛበት። በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ የተሰበሰበው ጉባኤ ከቈጠረበት ክስ፥ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት ሸጧል፥ ብቻውንም ይበላል የሚል ይገኝበታል። ለድኃ የሰጠው እንደ ጥፋት፥ ከግብዣ መከልከሉም እንደ ነውር ተቈጠረ። ተግሣጹን ያልወደደች ንግሥት አውዶክስያም ስለ ተቈጣች በ404 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ፤ በ407 ዓ.ም. በስደት ጕዞ ላይ ሳለ በኮማና ዐረፈ። በ438 ዓ.ም. የንግሥቲቱ ልጅ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን በክብር አስመልሶ፥ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታን ለመነ።

ምእመናን ሆይ! ከአባቶቻችን ሁለት አደራ ተቀብለናል። አንዱ ሃይማኖቱ ነው፤ ሁለተኛው ለድኃውና ለመቅደሱ የተሰጠው ገንዘብ ነው። የሙዳየ ምጽዋትን ቍልፍ የያዝን ካህናትና ሽማግሌዎች ሁሉ፥ መታደስን ከሌላው ከመሻታችን በፊት መዝገባችንን ገልጠን ማዕዳችንን እንመርምር። ሃይማኖቱን ጠብቀን ገንዘቡን ብናባክን፥ ከሁለቱ አደራ አንዱን በልተናልና።